ላሊበላን ማልዶ ማየት የሚሻ መጀመሪያ ቀኑን ይጠይቅ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

በጉዞ ዓምዳችሁ ስለ ላሊበላ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ግርግር የማይወድ ጎብኚ ጎህ ሲቀድ ቤተ ጊዮርጊስ ቢደርስ ሰው ሳይመጣበት አይቶ ይመለሳል ይላሉ። ላሊበላ ተወልጄ ያደግሁ፣ በአስጎብኚነትም ለዓመታት የሠራሁ ሰው ነኝ። ምክሩ በቅንነት እንደተሰጠ አልጠራጠርም። ነገር ግን ወሩ በገባ በ23 ይህን ምክር ሰምቶ የመጣ እንግዳ የሚጠብቀው ከሌሊት ጀምሮ ማኅሌት የቆመ ካህንና ግቢውን የሞላ ነጭ ለባሽ ነው።

ምክሩ የተቀዳው ከሌላ ቦታ ይመስለኛል። ሕንድ አገር የሚገኘው ታጅ ማሃል በሩ የሚከፈተው ፀሐይ ልትወጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀራት ነው፤ ቀድሞ የተሰለፈ ቀድሞ ይገባል። ዓርብ ደግሞ ለጁምዓ ጸሎት ሲባል ለጎብኚ ዝግ ነው። የጎብኚውና የጸሎተኛው ቀን ተለይቶ ስለተቀመጠ ማልዶ መድረስ ብቻውን ይበቃል። ላሊበላ ላይ ግን እንዲህ ያለ መለያ የለም። ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው አብያተ ክርስቲያናት ዛሬም ይቀደስባቸዋል፣ ይቆረብባቸዋል። ማለዳ ደግሞ ዋናው የአገልግሎት ሰዓት ነው።

ስለዚህ ላሊበላ የሚሄድ ሰው ከሰዓቱ በፊት ቀኑን ይጠይቅ። በየወሩ በ21 ቤተ ማርያም፣ በ23 ቤተ ጊዮርጊስ፣ በ27 ቤተ መድኃኔዓለም፣ በ28 ቤተ አማኑኤል ይሞላሉ። ከገጠር ሌሊቱን በእግር ተጉዞ የሚደርስ ተሳላሚ አለ። እሑድ ጠዋትም እንደዚያው ነው። ከአዲስ አበባ ቅዳሜ በርሮ እሑድ ማለዳ ባዶ ቤተ ክርስቲያን ለማየት የሚነሣ ጎብኚ ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ ሰው የሚበዛበትን መርጧል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ነገር። በጾም ወራት፣ በተለይ በዐቢይ ጾም፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። ጠዋት የኪዳን ጸሎት ከደረሰ በኋላ ግቢው ረጭ ይላል፤ ከጥቂት ተሳላሚና ጥግ ይዞ ዳዊት ከሚደግም ሰው በቀር ማንም አይገኝም። በቤተ ማርያም ጣሪያ ላይ የተሳሉትን ሥዕሎች አንጋጦ ለማየት፣ በምሥራቁ ክፍል አስጎብኚዎች «ሲኦል» የሚሉትን ጨለማ ዋሻ ሳይጋፉ ለማለፍ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላውቅም። ቅዳሜና እሑድ ግን በጾምም ቢሆን ቅዳሴው በማለዳ ስለሆነ ይህ አይሠራም።

ማለዳን የሚመርጡት በአብዛኛው ፎቶ አንሺዎች ናቸው። ለእነሱም ቢሆን ቤተ ጊዮርጊስ በንጋት አይመችም። 12 ሜትር ገደማ ወደ ታች ተፈልፍሎ ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ሕንፃ ነው። የማለዳ ፀሐይ ጣሪያው ላይ ያለውን መስቀል ታበራና ግድግዳውን ከነበሩ ጥላ ውስጥ ትተወዋለች። ብርሃኑ ወደ ታች እስኪወርድ ፀሐይዋ ከፍ ማለት አለባት። እንደ ቤተ መድኃኔዓለም ከላዩ መጠለያ ስላልተሠራበት ረፋድ ላይ የመጣ ሰው ከአፋፉ ሆኖ ሁሉንም ጥርት አድርጎ ያያል። ይህን ያህል ቀላል ነገር ለምን እንደማይጻፍ ይገርመኛል።

ከሰዓቱ በላይ ያሳሰበኝ ግን «ግርግር» የተባለው ነው። ጽሑፉ ከፈረንጁ ጎብኚ ጋር ምእመኑንም አብሮ ቆጥሮታል። ኮሮና በመጣ ጊዜ፣ በኋላም በጦርነቱ፣ ላሊበላ ያለ ጎብኚ ቀርታ አይተናታል። አስጎብኚው፣ ጫማ ጠባቂው፣ በቅሎ አከራዩ ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። ያን ጊዜም ቢሆን ማለዳ እየተነሣ ደጅ የሚስመው ምእመን አልቀረም። ይህ ሕዝብ ለጎብኚው እይታ ሲባል የሚታለፍ እንቅፋት አይደለም፤ ባለቤቱ ነው። በቅዳሴ መካከል ገብቶ ካህኑን «አፍሮ አይገባ የሚባለውን መስቀል አውጣልኝ፣ ፎቶ ላንሣው» የሚል ጎብኚ አጋጥሞኛል። ካህኑ ዝም አሉት። እኔ ነበርኩ ያፈርኩት፣ ይዤው የመጣሁት እኔ ነበርኩና።

ማልዶ መምጣት ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ማልዶ የሚመጣ ሰው ሕዝቡን አምልጦ ለማየት ሳይሆን ሕዝቡን ለማየት ይምጣ። ነጠላውን ያጣፋ፣ ጫማውን በሩ ላይ ያውልቅ፣ ቅዳሴ እስኪያልቅ አንድ ቦታ ይቁም፣ ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ያቆይ። ከበሮውንና ጸናጽሉን ከዚያ ቋጥኝ ውስጥ ሆኖ የሰማ ሰው በኋላ ስለ ሕንፃው ርዝመትና ስፋት ብዙ አይጠይቀኝም ነበር።

በገና ደግሞ ነገሩ ጨርሶ ይገለበጣል። ታኅሣሥ 29 የጌታ ልደት ብቻ ሳይሆን የቅዱስ ላሊበላም የልደት በዓል ስለሆነ ከተማዋ መርገጫ አይኖራትም። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ማርያም ዙሪያ፣ ማሜ ጋራ በሚባለው አፋፍ ላይ «ቤዛ ኩሉ» ይዘመራል፤ አፋፉ ላይ የተሰለፉት ካህናትና ታች ግቢው ውስጥ ያሉት እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። ያን ቀን ማልዶ መነሣት ግድ ነው፤ አለዚያ መቆሚያ አይገኝም። ሕዝቡን ልሸሽ የሚል በዚያ ሳምንት ባይመጣ ይሻለዋል።

ዓምዳችሁ ወደፊት ስለ ላሊበላ ሲጽፍ የወሩን በዓላትና የጾሙን ወቅት ከሰዓቱ ጋር ቢጨምር ደስ ይለኛል። ትንሽ ሠንጠረዥ ይበቃዋል። ለሆቴሎቹ ዋጋ ግማሽ ገጽ ተገኝቶ የለ?

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ አስጎብኚ፣ ከላሊበላ