ቀዩን እስክሪብቶ አቀብይኝ

ውድ አበልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? «ከርመሻል» ብዬ ስጽፍ እጄ አፈረ፤ ሦስት ዓመት ተኩል አንድ ክረምት አይደለም። ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ እማማ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ዓይኔ ብቻ በየዓመቱ አዲስ መነጽር ካልገዛሽልኝ እያለ ያስቸግረኛል።

ለምን እንደጠፋሁ ሁለታችንም እናውቀዋለን። ያን ቀን በስልክ፣ ልጆቹን ከስድስተኛ ክፍል በኋላም እዚያው ቤት እንደምታስተምሪያቸው ስትነግሪኝ፣ «ፊደል ማስቆጠርና አልጀብራ ማስተማር አንድ መሰለሽ? ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ ታለቅሻለሽ» አልኩሽ። ሃያ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው ትዕቢት ነበር። አንቺም «እሺ» ብለሽ ዘጋሽው። በማግስቱ መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም። ሳምንት ሲያልፍ አፈርኩ፣ ወር ሲያልፍ ማፈሩን ለመድኩት። ይቅር በይኝ።

አሁን ብዕር ያስጨበጠችኝ የክርስትና ልጄ ናት። ባለፈው ሳምንት ፖስታ ደረሰኝ፤ ውስጡ በእጅ የተጻፈ አራት ገጽ ድርሰት፣ ከላዩ ላይ በስፒል የተያያዘች ብጣሽ ወረቀት። «የክርስትና እናቴ፣ እባክዎ ይህን ያርሙልኝ። እማዬ ካረመችው ማታ እራት ላይ አንነጋገርም። ለእሷ እንዳይነግሯት።» የመጨረሻዋን ትእዛዝ እንዳላከበርኩላት እያየሽ ነው። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

በመጀመሪያ የአሁኑን ሥራዬን ልንገርሽ፤ መሳቅሽ አይቀርም። ክፍል ገብቶ ማስተማሩን ከተውኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አሁን የምውለው ቤታቸው የሚማሩ የካቶሊክ ልጆችን፣ ከሰባተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሉትን፣ ከሩቅ ስደግፍ ነው። ያቺ «ታለቅሻለሽ» ያለችሽ ሴትዮ፣ ዛሬ እንደ አንቺ ያሉ እናቶች በየወሩ መጀመሪያ እየደወሉ «ምን ላድርግ?» የሚሏት ሆናለች። ድርሰት አርማለሁ፣ የላቲን መልመጃ አያለሁ፣ የጂኦሜትሪ ማረጋገጫ እፈትሻለሁ፣ በሳምንት አንድ ቀን አምስት ስድስት ልጆች በቪዲዮ ተሰብስበው አንድ ምንባብ ላይ ሲከራከሩ መሐል ሆኜ አዳምጣለሁ። አስጠኚ አይደለሁም። አስጠኚ አጠገባቸው ተቀምጦ ጥያቄውን አብሯቸው ይሠራል፤ እኔ የማየው ልጁ ብቻውን ታግሎ፣ ጨርሶ የላከውን ነው። መራቄ ነው ጥቅሜ።

ይህን ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ እናት የምታርመው መልስ ነው፤ ስምንት ሲባዛ ሰባት ሃምሳ ስድስት ካልሆነ ስህተት ነው፣ ማንም አይቀየምም። ከሰባተኛ በኋላ ግን ወረቀቱ ላይ ያለው የልጁ ሐሳብ ነው፤ ሐሳቡ ሲነካ እሱ የተነካ ይመስለዋል። ጠዋት «አልጋህን አላነጠፍክም» ያለችው እናቱ ናት፣ ከሰዓት «ይሄ አንቀጽ ሐሳቡ አልተያያዘም» የምትለውም እሷው ናት። ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጆሮ ሁለቱ አንድ ንግግር ነው። የአንቺ ቤት እራትም የተበላሸው በዚህ ይመስለኛል እንጂ በማስተማር ችሎታሽ አይደለም።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው እንኳ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ያልገባኝ ነው። እናት ልጇ ሊል የፈለገውን ታውቃለች። ስለዚህ ያልጻፈውንም ታነብለታለች። እኔ አላውቀውም። ገጹ ላይ የሌለ ነገር ለእኔ የለም። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ የጥንቱ የጂኦሜትሪ ሊቅ ኡክሊድ በመጀመሪያው መጽሐፉ አምስተኛ ላይ ያስቀመጠውን፣ ሁለት ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ከግርጌው ያሉት ሁለት ማዕዘኖችም እኩል መሆናቸውን፣ አረጋግጥ ተብሎ ነበር። በመካከለኛው ዘመን ተማሪዎች «የአህዮች ድልድይ» የሚሉት ነው፤ ብዙው እዚያ ላይ ይቆማላ። ልጁ አሳምሮ ሥዕሉን ሥሎ «ከሥዕሉ እንደሚታየው እኩል ናቸው» ብሎ ጨረሰ። እናቱ ራይት አድርጋለታለች። እውነት ነዋ፣ እኩል ናቸው! እኔ ደግሞ ሥዕሉን አጣሞ፣ አንዱን ጎን አስረዝሞ፣ በግራ እጁ እንደገና እንዲሥለው ነገርኩት። «አሁን ከጻፍከው ውስጥ የትኛው መስመር ቆመ?» አንድም አልቆመም። ሁለት ቀን ዝም ብሎኝ በሦስተኛው ቀን ሙሉውን ማረጋገጫ ላከ፤ ከሥሩም «ሥዕል ምስክር አይሆንም» ብሎ ጽፏል። ያንን ወረቀት አስቀምጬዋለሁ።

ላቲኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያሳፍረው እናቶቹን ነው። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ «ጥሩ ገበሬ» ለማለት «አግሪኮላ ቦና» ብላ ጻፈች፣ እናትየዋም መጨረሻቸው ገጠመ ብላ አለፈችላት። ገበሬ የሚለው ቃል እንደ አንስታይ ቃላት ይጨርሳል እንጂ ራሱ ተባዕታይ ነው፤ ስለዚህ ቅጽሉ «ቦኑስ» ይሆናል። (በእኛ ቋንቋ «ጥሩ» ለወንዱም ለሴቷም ያው ጥሩ ስለሆነ እዚህ ላይ መደናቀፋችን አይገርምም።) እናትየዋ ደውላ እንደ ሌባ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ለካ ከልጇ አንድ ምዕራፍ ብቻ ቀድማ እየተማረች ነው የምታስተምራት። ምን ነውር አለው? እኛስ ሌሊት አጥንተን ጠዋት ያስተማርነው ስንት ጊዜ ነው? አንቺም እንደዚያ እያደረግሽ ከሆነ አትደብቂኝ።

የራሴንም ጥፋት ልናዘዝልሽ። በመጀመሪያው ዓመት የአንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ድርሰት ላይ 31 ቦታ በቀይ አስምሬ መለስኩላት። ሁሉም ትክክለኛ እርማት ነበር። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ምንም አልላከችም። እናቷ ደውላ፣ ወረቀቱን አልጋ ሥር እንዳገኘችው በትሕትና ነገረችኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በእርሳስ ነው የማርመው፤ በአንድ ወረቀት ላይም ሁለት ነገር ብቻ እመርጣለሁ፣ አንዱ የሐሳብ፣ አንዱ የሰዋስው። ሌላው ስህተት ይቆይ። በሚቀጥለው ወርም እዚያው ይገኛል፣ የትም አይሄድም።

ቤት ማስተማርሽን ሰው ሲነቅፍብሽ የቤተ ክርስቲያንን ቃል እንደምታነሺ አስታውሳለሁ፤ ያን ጊዜ አልሰማሁሽም። ልክ ነበርሽ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ኦክቶበር 28 ቀን 1965 እ.ኤ.አ. ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ ወላጆችን የመጀመሪያና ዋነኛ አስተማሪዎች ይላቸዋል። በ1983 የወጣው የላቲን ቤተ ክርስቲያን ሕግ፣ ቀኖናው፣ ቁጥር 793 ላይ ልጆችን ማስተማር የወላጆች ግዴታም መብትም ነው ይላል፤ የእኛ የምሥራቅ ካቶሊኮቹ የ1990 ቀኖናም 627 ላይ በወላጆች ነው የሚጀምረው። ግን የጉባኤው መግለጫ እዚያው አንቀጽ ውስጥ፣ ይህን ግዴታ የተሸከመ ቤተሰብ የመላውን ማኅበረሰብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ይናገራል። አንቺ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በቃልሽ ያዝሽው፣ ሁለተኛውን ዘለልሽው። እኔማ ሁለቱንም አላነበብኩም ነበር።

ቅዱስ ሄሮኒሞስንም ጥሪልኝ። በ403 እ.ኤ.አ. ገደማ ሌታ የምትባል የሮም እናት ትንሿን ልጇን ጳውላን እንዴት እንደምታሳድጋት ብትጠይቀው፣ ከቤተልሔም ረጅም ደብዳቤ ጻፈላት። ልጅ ያልወለደ፣ ያውም ቁጡ መነኩሴ ስለ ልጅ አስተዳደግ ሲመክር ማየት ያስቃል፤ ምክሩ ግን ለስላሳ ነው። ፊደል ከእንጨት ወይም ከዝሆን ጥርስ አሠሪላትና ትጫወትበት፣ አብረዋት የሚማሩ ጓደኞች ይኑሯት፣ ብትዘገይ አትቆጫት ይላታል። ቤት ነው የምትማረው። ቢሆንም ዕድሜው፣ ኑሮውና ዕውቀቱ የተመሰከረለት መምህር ፈልጊላት አላት። ሌታ እናትነቷን ቀማኝ ብላ የተቀየመች አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን ለሌላ ሰው እንዳታስረክቢ የምለምንሽ አለ፤ ሃይማኖቱን። ብዙ እናቶች ሒሳቡንና ትምህርተ ክርስቶሱን በአንድ ላይ ጠቅልለው ይልኩልኛል፣ ሁለቱም ስለሚያስፈሯቸው። ሒሳቡን እቀበላለሁ። በሌላው ላይ የማደርገውን በአንድ ምሳሌ ላሳይሽ። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ «እግዚአብሔር አለን?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን አያስቀድምም፤ መጀመሪያ የተቃዋሚውን ሁለት ክርክር ያቆማል። አንደኛው በዓለም ላይ ክፋት መኖሩ ነው፣ ሁለተኛው ሁሉን ነገር ያለ እግዚአብሔር ማስረዳት ይቻላል የሚለው። የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆቼን የመጀመሪያውን ክርክር በራሳቸው ቃል ጻፉ አልኳቸው። አንዱ «አንዳንድ የማያምኑ ሰዎች እግዚአብሔር የለም ይላሉ» ብሎ ላከ። «የማያምን ሰው ይህን ቢያነብ፣ አዎ፣ እኔ የምለው ይሄንን ነው ይላል?» ብዬ መለስኩለት። ሁለት ጊዜ መለስኩት። በሦስተኛው፣ ሆስፒታል ስለተኛች አንዲት ሕፃን ግማሽ ገጽ ጻፈ። አንብቤ ስጨርስ ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩ።

እናቱ በማግስቱ ደወለች፣ ድምጿ ይንቀጠቀጣል። «እርስዎ ልጄን ጥርጣሬ ነው እንዴ የሚያስተምሩት?» እኔም፣ ጥርጣሬው ከእኔ በፊት እንደነበረበት፣ ለእሷ ያልነገራት እንዳትደነግጥ ብሎ እንደሆነ ነገርኳት። «ጥያቄውን ለእኔ ጽፎታል፤ መልሱን ግን ከእናንተ ጋር ይጻፈው፣ ከእርስዎና ከአባቱ ጋር።» ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። አባትየው መሐል ላይ ለቄሳቸው ሳይቀር ደውሏል። የመጣው መልስ የቶማስን ያህል ባይሆንም የሦስት ሰው እጅ ያለበት ነበር። እኔ ኮማ ብቻ አስተካከልኩ።

የውጤት መዝገቡን ነገር ባጭሩ፦ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የትምህርቱን ስም፣ የተጠቀማችሁበትን መጽሐፍና ማርኩን በየተርሙ ጻፊ፤ ከየትምህርቱም ሁለት ሦስት የታረመ ወረቀት ከነእርማቱ አስቀምጪ። በአራት ዓመት መጨረሻ በትዝታ ትራንስክሪፕት ማዘጋጀት መከራ ነው። ዩኒቨርሲቲም የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቅ የእናትን አይቀበልም፤ ሥራዋን ሁለት ዓመት ያነበበ ሰው ያስፈልጋታል።

አሁን ወደዚያች ብጣሽ ወረቀት ልመለስ። ያው የ1983ቱ ቀኖና 796 ላይ፣ መምህራን ከወላጆች ጋር ተቀራርበው እንዲሠሩና ወላጆችንም በደስታ እንዲሰሟቸው ያዛል። ስለዚህ ከአንቺ ተደብቄ አላርምላትም። ለእሷም ዛሬ ይህንኑ ጽፌላታለሁ። ተቆጥታኝ ይሆናል፤ እኔን ትቆጣኝ፣ እኔ እራት ላይ የለሁም። አንቺ ግን ስለ ፖስታው አትውቀሻት። አልጋ ሥር መደበቅ ስትችል የሚያርምላት ሰው ፍለጋ ሄዳለች።

ድርሰቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው ያነበብኩት፣ እሱም ሳላስበው ዓይኔ ገብቶ ነው። «የማርታ ጥፋት ምን እንደሆነ አሁንም አልገባኝም፤ ሁሉም ሰው ቁጭ ብሎ ቢሰማ ምሳውን ማን ይሠራዋል?» ብላ ነው የጀመረችው። እዚያ ላይ ሳቄ ሲመጣ አጥፌ ወደ ፖስታው መለስኩት። ይቺን ልጅ ማን እንዳሳደጋት ማንም አይጠይቅም።

አርሚላት ካልሽኝ በእርሳስ፣ ሁለት ነገር ብቻ መርጬ እልክላታለሁ፤ አንቺም እርማቱን ከእሷ ጋር አብረሽ ታይዋለሽ። አታርሚላት ካልሽኝ ደግሞ ፖስታውን እንዳለ ለአንቺ እመልሰዋለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተማሪ የለኝም። ቁጥሬ ያው የድሮው ነው።

አበልጅሽ