ሐይቁን ለማየት ሰኔን አትጠብቂ

ልጄ፣ እንደምን ነሽልኝ?

ትናንት ማታ ስልኩን ከዘጋን በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። «ቅዳሜን እንዴት አሳለፍሽ?» ስልሽ «ያው ዶርም ነበርኩ» አልሽኝ። ያለፈው ቅዳሜም ዶርም፣ ከዚያ በፊት የነበረውም ዶርም። ሐዋሳ ከገባሽ ሦስት ሳምንት ሆነሽ፣ እስካሁን የነገርሽኝ ስለ ካፌው ሽሮ፣ ስለ ሎጂክ ኮርስና ላይብረሪ ውስጥ ወንበር ስለመያዝ ብቻ ነው። አባትሽ አጠገቤ ቁጭ ብሎ «በርትታ እንድታጠና ጻፊላት» ይለኛል። እሱን አልጽፍም። ያንን የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ያለፈች ልጅ ማጥናት ታውቅበታለች። እኔ ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ መዝናናት ነው።

ለምን መሰለሽ፣ እኔን እስከዛሬ ይቆጨኛል። በ1993 እዚያው ከተማ ስገባ ዩኒቨርሲቲው ከተመሠረተ ገና አንድ ዓመቱ ነበር፣ ስሙም ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባሁ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ፣ ታውቂያለሽ። «ብባረር አባቴን በምን ዓይኔ አየዋለሁ» የሚል ፍርሃት ነበር የያዘኝ። ስለዚህ ከዶርም ላይብረሪ፣ ከላይብረሪ ዶርም። ሐይቁን ዓመቱን ሙሉ በሩቁ ነው ያየሁት፣ ያውም ከአውቶቡስ መስኮት።

ሰኔ ላይ፣ የመጨረሻው ፈተና ባለቀ ማግስት፣ ከአርባ ምንጭ የመጣች አንድ የዶርሜ ልጅ ገና ሳይነጋ ብርድ ልብሴን ገፈፈችኝ። «ዛሬስ አልለቅሽም» አለችና እጄን ይዛ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወሰደችኝ። ጀልባዎቹ ገና እየገቡ ነበር። መረቡ ሲራገፍ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ መሬት ላይ ይዘላል፣ አምባዛው ግን ጢሙን ዘርግቶ ዝም ብሎ ይተኛል። አንድ አስር ዓመት የማይሞላው ልጅ ቆሮሶውን በጅራቱ ይዞ ቅርፊቱን ላጥ ላጥ፣ በቢላዋ ጎኑን አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ ሸርተት ሲያደርገው ሥጋው ከአጥንቱ ተለይቶ እጁ ላይ ቀረ። አጥንቱን ወርወር ሲያደርግ እኔን በቁመት የሚስተካከል የሚመስል አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ከኋላዬ መጥቶ ለቀም። ጮህኩ። ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ ዓሣ ሾርባ በብርጭቆ አዘዘችልኝ፣ ሎሚ ጨመቀችበትና ዳጣ፣ ያንን የሚያቃጥል ማባያ፣ ጠብ አደረገችበት። እስከዛሬ እንደዛ የጣመኝ ነገር የለም።

በማግስቱ ሀገሯ ገባች። መስከረም ስንመለስ እሷ ሌላ ዲፓርትመንት፣ እኔ ሌላ፣ ዶርማችንም ተለያየ። ግቢ ውስጥ ስንገናኝ «አንቺ፣ ጠፋሽ እኮ» ተባብለን እንተላለፋለን። አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ አድረን የተዋወቅነው በመጨረሻዋ ቀን ነው።

የአንደኛ ዓመት ነገሩ ይሄ ነው ልጄ። ፍሬሽማን፣ ዲፓርትመንት ሳይመረጥ የሚማሩት የመጀመሪያው ዓመት፣ በእኛ ጊዜም ነበር፣ ከዚያ ቀረ፣ በ2012 ደግሞ ተመለሰ። አሁን ወደፊት ሐኪም የምትሆነውም፣ ኢኮኖሚክስ የምትማረውም፣ ገና ያልወሰነችውም አንድ ዶርም ናችሁ። የዛሬ ዓመት ሁሉም በየዲፓርትመንቱ ይበተናል። ከዚያ በኋላ ጓደኛሽ አብራሽ አሳይመንት የምትሠራዋ ትሆናለች። እንዲህ ተደበላልቃችሁ የምትኖሩት ይቺን ዓመት ብቻ ነው። ጂፒኤሽን ያዢ፣ ዲፓርትመንት የምትመርጪው በሱም ጭምር ነው፣ ይሄን አልሸሽግሽም። ግን ቅዳሜ ከሰዓትን ለጂፒኤ አትስጪው።

ከዶርም ጀምሪ። የላክሁልሽን ዳቦ ቆሎና በሶ አልጋሽ ስር ደብቀሽ ለብቻሽ እንዳትቆረጥሚው! የላክሁት ለስድስታችሁ ነው። አንድ ማታ ሁላችሁም የየቤታችሁን ስንቅ አልጋ ላይ ዘርግፉት። ከጎንደር የመጣችው ድርቆሽ ይኖራታል፣ ከወላይታ የመጣችው ዳጣ፣ ሌላዋ ቋንጣ፣ ሌላዋ ማር። እየበላችሁ እያንዳንዷ እናቷ እንዴት እንደምታዘጋጀው ታውራ። ስለ እናቷ የማታወራ ልጅ የለችም፣ ያኔ ታለቅሳላችሁም ትስቃላችሁም።

ቅዳሜ ደግሞ ውጡ። ባጃጅ ተጋርታችሁ ብትይዙ ምንም አይጎዳችሁም። አንድ ቀን በጠዋት አሞራ ገደል ሂዱ፣ ረፈድ ካለ ጨዋታው ያልቃል። ዛፎቹ ላይ ጉሬዛ ታያላችሁ፣ ግን ጦጣዎቹ እጅ ላይ ያለ ነገር ስለሚነጥቁ ሙዝ ይዘሽ አትንቀባረሪ። ሌላ ቀን አመሻሹ ላይ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ሂዱና በእግራችሁ ዳር ዳሩን ተጓዙ። ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ነው የምትጠልቀው፣ ያንን ለማየት ማንም ብር አይጠይቅሽም። ታቦር ተራራ ላይ ደግሞ ትንፋሽ አጥሮሽ ከወጣሽ በኋላ ዞር በይ፣ ከተማውም ሐይቁም እግርሽ ስር ነው። እኔ ታቦርን የወጣሁት ሦስተኛ ዓመት ሆኜ ነው። ምን ስጠብቅ እንደነበር አላውቅም።

ኳስ አልወድም እንዳትዪኝ። በ1996 የሐዋሳ ከተማ ቡድን የሀገሪቱን የሊግ ዋንጫ ሲወስድ እኔ ተመራቂ ነበርኩ። ኳስ የሚባል ነገር አይቼ የማላውቅ ሴት ጎዳና ወጥቼ ከማላውቀው ሰው ጋር ጨፍሬያለሁ። የሐዋሳ ከተማና የሲዳማ ቡና ጨዋታ ያለ ቀን ከዶርም ልጆች ጋር ተከፋፈሉና ግማሻችሁ ለዚህ ግማሻችሁ ለዚያ ደግፉ። የተሸነፈው ቡና ይጋብዝ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ፤ ፍቼ ጨምበላላ እንዳያመልጥሽ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፣ ዩኔስኮም በ2008 መዝግቦታል። ቀኑ በየዓመቱ ይለያያል። አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ ኮከብ ቆጣሪዎች ሰማዩን፣ ኮከቡን ከጨረቃው ጋር አይተው ነው የሚያሳውቁት። በበዓሉ ጉዱማሌ፣ ማለትም የበዓሉ አደባባይ ላይ ሽማግሌዎቹ ቄጣላ የሚባለውን ጭፈራ ሲጨፍሩ መሬቱ ራሱ የሚንቀሳቀስ ይመስልሻል። ልጆች በየቤቱ እየዞሩ «አይዴ ጨምበላላ!» ይላሉ። ዶርማችሁ ውስጥ የሲዳማ ልጅ ካለች «ቤታችሁ ውሰጂን» በሏት፣ አትፈሪ፣ በዓል ላይ እንግዳ ደስ ይላቸዋል እንጂ አይከብዳቸውም። እኔን የወሰደችኝ ልጅ ቤት ትልቅ የሸክላ ገበታ ላይ ቡርሳሜ ቀረበ። ከእንሰት ነው የሚሠራው፣ ቅቤው ከላዩ ይንቆረቆራል፣ ጎኑ ወተት አለ። ሁላችንም ከዚያ አንድ ገበታ በላን። እናትየው ሲዳምኛ እንጂ አማርኛ ብዙም አይችሉም፣ እኔ ደግሞ ሲዳምኛ አልሰማም፣ ብቻ ትንሽ ዝም ባልኩ ቁጥር በእኔ በኩል ቅቤ ይጨምሩልኝ ነበር። ስለዚህ አንቺ ከአሁኑ ሲዳምኛ ተማሪ። በቀን አንድ ቃል ከዶርም ልጅ ጠይቂ፣ በዓሉ እስኪደርስ ቢያንስ ሰላምታውን ትጨርሺዋለሽ።

ትንሽ ብር ስታጠራቅሙ ደግሞ ወንዶ ገነት። በሻሸመኔ በኩል ሄዳችሁ ጠዋት ወጥታችሁ ማታ ትመለሳላችሁ። ፍል ውሃው ከተራራው ስር ይወጣል፣ ጃንሆይ ማረፊያ ቤት ያሠሩበት ቦታ ነው። የዩኒቨርሲቲያችሁ የደን ኮሌጅም እዚያ ነው፣ ያለው ዛፍ ብዛት ለጉድ ነው። ከፈተና በኋላ ሰውነትሽን እዚያ ውሃ ውስጥ ብትነክሪው የሚድ ፈተና ሰሞን የተሸከምሽው ድካም ይወርድልሻል።

ግቢ ውስጥም ቢሆን ዝም ብለሽ አትቀመጪ። ደብተርሽ ጀርባ ላይ የምትጽፊያቸውን ግጥሞች አይቻቸዋለሁ፣ አትቆጪኝ፣ ደብተርሽን ሳስተካክል ነው። የኪነት ክበብ የግጥም ምሽት ሲያዘጋጅ አንዱን ይዘሽ ሂጂ። እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ ይንቀጠቀጥ። ፍሬሽማን ነሽና ማንም አይፈርድብሽም። ግቢ ጉባኤም ሂጂ፣ መዝሙሩ ብቻ ናፍቆትሽን ያቀልልሻል።

እናት ነኝና ደግሞ ይቺን ሳልል አላልፍም። ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት ሳትለብሺ እንዳትወጪ። ጉማሬ ለማየት እንጠጋ የሚል ባለ ጀልባ ካለ እምቢ በዪው። ሐይቁ ውስጥ ዋና የለም። የግቢ በር ሳይዘጋ፣ ብቻሽን ሳትሆኚ ተመለሺ። ከግቢ ወጣ ብለው ያሉ የጫትና የሺሻ ቤቶች ውስጥ «ለጥናት ነው» ብለው የሚወስዱሽ ካሉ ጓደኛ አይደሉም። የማይመችሽ ቦታ ከገባሽ በማንኛውም ሰዓት ደውይልኝ፣ አልቆጣም፣ በእግዚአብሔር ስም እልሻለሁ አልቆጣም።

ገንዘቡ ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ከላይ የጻፍኩልሽ አብዛኛው የባጃጅና የቡና ብር ነው። ከዚህ ወር ጀምሮ ከምልክልሽ ላይ ትንሽ እጨምራለሁ። የጨመርኩት ለፎቶ ኮፒ አይደለም፣ ለቅዳሜ ነው። ፎቶ ኮፒ ላይ ካዋልሽው አውቃለሁ፣ ምክንያቱም በየሳምንቱ ከሐይቁ ዳር የተነሳሽውን ፎቶ በቴሌግራም እንድትልኪልኝ እፈልጋለሁ። ከነዶርም ልጆችሽ።

ለታኅሣሥ 19 ገብርኤል እመጣለሁ፣ ለአባትሽም ነግሬዋለሁ። ሕዝቡ ብዙ ስለሚሆን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አትጠብቂኝ፣ ስደርስ እደውልልሻለሁ። ከቅዳሴ በኋላ ሐይቁ ዳር ትወስጂኛለሽ። ከተማው ከእኛ ጊዜ ወዲህ ስለተለዋወጠ መንገዱ ይጠፋኛል፣ እየመራሽ አንቺ ነሽ የምትወስጂኝ። የምትወጂያት ጀበና ቡና ቤት ካለች እስከዚያ ምረጫትና ቆዪኝ፣ ለስድስቱም ልጆች እኔ ነኝ የምከፍለው።

ወዳጅሽ እናትሽ