ድርሃሙን በብር ከማባዛት በፊት

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ለመምህራን ስለሚከፍሉት ደመወዝ ያወጣችሁት ጽሑፍ፣ እዚህ ደብረ ብርሃን በመምህራን ማረፊያችን ውስጥ ጮክ ተብሎ ተነብቧል። ንባቡ ሳያልቅ ሦስት ወጣት ባልደረቦቼ ስልካቸውን አውጥተው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስን ገንዘብ፣ ድርሃምን፣ በዕለቱ ምንዛሪ ማባዛት ጀመሩ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ የሚወጣው ቁጥር የሚያስጎመጅ መሆኑ አይካድም። እኔም በዱባይ የእንግሊዝን ሥርዓተ ትምህርት በሚከተል ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ የተመለስሁ ነኝና፣ ጽሑፉ ስለዘለለው ስለ ቅጥር ውሉ ጥቂት ልበል።

በውሉ ላይ የሚሰፍረው ክፍያ በመሠረታዊ ደመወዝና በልዩ ልዩ አበሎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ የፈራሚው ዓይን የሚያርፈው ግን ከግርጌ ባለው ድምር ላይ ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ሕግ መሠረት ለሠራተኛ የሚከፈለው የስንብት ገንዘብ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በላይ ላለው ደግሞ የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ የሚሰላውም በመሠረታዊው ደመወዝ ብቻ ነው። የእኔ መሠረታዊ ደመወዝ የድምሩን ግማሽ እንኳ እንደማይሞላ ልብ ያልሁት በስድስተኛው ዓመት፣ የሒሳብ ሹሙ የስንብት ወረቀቴን ሲያስፈርመኝ ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ ቁጥር ሳስተምር ኖሬ የራሴን አለማየቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። የቤት ኪራዩም እንደ እኛ በየወሩ የሚከፈል ሳይሆን የዓመቱ በጥቂት ቼኮች ተከፍሎ አስቀድሞ የሚጻፍ በመሆኑ፣ የቤት አበሉን በየወሩ የሚቀበል አዲስ መምህር ለመጀመሪያው ቼክ መበደሩ አይቀርም። ለእኔ ያበደረኝ የሕንዷ ኬራላ ግዛት ሰው ነበር፤ አባቴንም በወጣትነቱ ሒሳብ ያስተማሩት ሕንዳዊ ነበሩና፣ ቤተሰባችን ከዚያ ወገን ባለዕዳነቱ ቀጥሏል።

ሥራውን በተመለከተ ቅሬታ የለኝም። 24 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ለየሁለቱ አንድ ቮልትሜትር ማደል፣ 60 ተማሪ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አንገቱን አስግጎ ሲጋፋ ላየ መምህር ትልቅ ነገር ነው። ጉዳቱ የተገለጠው ከተመለስሁ በኋላ ነው። እዚህ የመንግሥት መምህር ከደመወዙ 7 በመቶ ለጡረታ ሲያዋጣ መንግሥት 11 በመቶ ይጨምርለታል፤ እዚያ ለእንደ እኔ ያለ የውጭ ዜጋ የሚጠራቀም የመንግሥት ጡረታ የለም። በሙያ ደረጃም አብረውኝ የተመረቁት ከፍተኛ መሪ መምህር ሲሆኑ፣ እኔ ስድስት ዓመት የጎደለው አገልግሎት ይዤ ከኋላቸው እከተላለሁ።

ይህን የምጽፈው ማንንም ከመንገዱ ለማስቀረት አይደለም፤ እኔም ዛሬ የምኖርበትን ቤት የሠራሁት በዚያው ገንዘብ ነው። ሆኖም ጋዜጣችሁ በጉዳዩ ላይ የሚመለስበት ከሆነ፣ መሠረታዊው ደመወዝ ስንት እንደሆነ፣ የትምህርት ማስረጃ ማረጋገጫውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ እንዲሁም ከሠራተኛው የቅጥር ክፍያ መቀበል በዚያው አገር ሕግ የተከለከለ ሆኖ ሳለ ደላላ ለምን ገንዘብ እንደሚጠይቅ ቢጽፍ ለወጣቶቻችን ይበጃል።

ከሦስቱ ባልደረቦቼ አንዷ የተላከላትን ውል ትናንት አምጥታ አሳየችኝ። ድምሩ በደማቅ ቀለም ተጽፏል፤ የመሠረታዊ ደመወዙ ቦታ ባዶ ነው። ፈርማ እንድትመልስ የተሰጣት ጊዜ እስከ ዓርብ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊዚክስ መምህር፣ ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ