የብር መታሰቢያ ሳንቲም ለጋይሳይ የሣር ሜዳ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡ በመታሰቢያ ሳንቲም ሊዘከር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከብር ማዕድን የተሠራ እንዲህ ያለ ሳንቲም ለማውጣት ቢወስን፣ ሊቀረጽበት የሚገባው በፓርኩ ሰሜናዊ ክፍል፣ ከዲንሾ አጠገብ፣ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋው የጋይሳይ የሣር ሜዳ ነው ባይ ነኝ።

ሐሳቡ ከዚህ ቀደም ያልተሞከረ አይደለም። ዓለም አቀፍ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶች ከበርካታ አገሮች ጋር ባካሄዱት የሳንቲም መርሐ ግብር ኢትዮጵያም ተሳትፋ፣ 1970 ዓ.ም. የሚል ዘመን በተጻፈባቸው ሳንቲሞች ላይ ሦስት እንስሳትን አስቀርጻ ነበር፤ በ10 ብሩ ጢማሙን ጥንብ አንሣ፣ በ25 ብሩ የደጋ አጋዘንን፣ በ600 ብሩ የወርቅ ሳንቲም ደግሞ ዋልያን። የተሠሩት ለሰብሳቢዎች እንጂ ለገበያ መገበያያ ስላልነበረ፣ አብዛኛው ዜጋ መኖራቸውን እንኳ አያውቅም።

የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም፤ እንደ ጋይሳይ በብዛት ተሰባስቦ የሚታይበት ቦታም ጥቂት ነው። ከሻሸመኔ ወደ ሮቤ የሚጓዝ ሰው ከአውቶቡስ ሳይወርድ በመስኮት፣ ሣሩንና ጭቁኝ የተባለውን ቁጥቋጦ ሲግጥ ሊያየው ይችላል። ይሁን እንጂ ምስሉ በሳንቲም ላይ በወጣ በ13 ዓመቱ፣ በ1983 ዓ.ም. በነበረው የመንግሥት ለውጥ ወቅት፣ በዚያው አካባቢ ብዙ አጋዘኖች ተገደሉ። ከእንስሳው ይልቅ መሬቱ ይቀረጽ የምለው ለዚህ ነው። አደኑ ሲቆም አጋዘኑ ተመልሶ ሊራባ ይችላል፤ ሜዳው በከብት ተግጦና በማረሻ ተገልብጦ ካለቀ ግን የሚመለስበት አይኖረውም። ደግሞም ሜዳ የታደለ መልክ የለውም፤ ተራራና ደን ያየ ሁሉ የሚያደንቀውን ያህል ሜዳን ባዶ ቦታ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ሣርን በሳንቲም ላይ ማክበር በሌላ አገር ተሠርቶበታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 በካንሳስ የሚገኘውን የረጅም ሣር ምድር ጥብቅ ሥፍራ ያስታወሰችው፣ ቢራቢሮን ከረጃጅም ሣሮች ፊት በሚያሳይ ሳንቲም ሲሆን፣ ያው ምስል አምስት አውንስ በሚመዝን የብር ሳንቲምም ወጥቷል። በሰሜን አሜሪካ ከነበረው 170 ሚሊዮን ኤከር ረጅም የሣር ምድር ዛሬ የቀረው ከ4 በመቶ በታች ነው፤ ያም ቢሆን አብዛኛው የተረፈው የካንሳስ ኮረብቶች አፈር ስስና ባልጩት የበዛበት በመሆኑ ለማረሻ ስላልተመቸ ነው። ጋይሳይ እንዲህ ያለ ጠባቂ ድንጋይ የለውም።

የገንዘቡ ጉዳይ ከሥዕሉ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት 100ኛ ዓመት ሲከበር፣ በእያንዳንዱ የብር ሳንቲም ላይ 10 ዶላር ተጨማሪ ዋጋ ተጥሎ፣ ገቢው ፓርኮችን ለሚደግፍ ፋውንዴሽን እንዲውል በሕግ ተወስኖ ነበር። እኛም ከእያንዳንዱ ሳንቲም ምን ያህሉ ለፓርኩ እንደሚደርስ ሽያጩ ከመጀመሩ በፊት በደንብ ተደንግጎ፣ ሒሳቡም በየዓመቱ በጋዜጣ ሊወጣ ይገባል። በዚህ ገንዘብ የፓርኩን ጥበቃ ሠራተኞች ማጠናከር፣ ቀይ ቀበሮን ለሚፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ የመንደር ውሾችን ማስከተብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከብቶቻቸውን በሜዳው ለሚያሰማሩ ነዋሪዎች ሌላ የግጦሽና የመኖ አማራጭ ማዘጋጀት ይቻላል። ይህ የመጨረሻው ካልታሰበበት የቀረው ብዙም አያስኬድም።

በችግር ጊዜ የብር ሳንቲም ቅንጦት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ሆኖም ገዢው በአብዛኛው የውጭ አገር ሰብሳቢና በውጭ የሚኖረው ወገናችን ስለሚሆን፣ በውጭ ምንዛሪ ቢሸጥ ወጪውን መልሶ ትርፍ ሊያስገኝ ይችላል። ብሔራዊ ባንክ ሐሳቡን ከተቀበለው፣ የምስሉ ንድፍ በግልጽ ውድድር ቢመረጥ፣ ከመጽደቁም በፊት ለዲንሾ ነዋሪዎች ቢቀርብ፣ የሜዳውም ስም በአማርኛና በኦሮምኛ ቢጻፍበት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የጋዜጣችሁ አንባቢ