ደብዳቤ ለልጄ፦ ከዱባይ በፊት የማሙሽን ቁመት ለኩ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ የኔ እናት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላው ሁሉ ሰላም ነው። ባልሽንም ማሙሽንም ሳሚልን።

በስልክ ያወራነውን ነገር ሳሰላስለው ሰነበትኩ። ስልክ ላይ የገንዘብ ወሬ አይሆንልኝም። አንድም መስመሩ ይቆራረጣል፣ አንድም እናትሽ ከኋላ ሆና ትገባበታለች። ዕድሜዬን ሙሉ ሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ ኖሬ፣ ነገር የሚገባኝ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ነው። ስለዚህ ጽፌ በቴሌግራም ልላክልሽ አልኩ።

ማሙሽን ዱባይ ወስዳችሁ መዝናኛ ፓርክ ልታሳዩት አስባችኋል። የባልሽ ጓደኛ የለጠፈውን ፎቶ እኔም አይቻለሁ፤ ያምራል። አልከለክላችሁም፤ ገንዘቡ የእናንተ ነው። ግን መጀመሪያ ማሙሽን ጫማውን አስወልቃችሁ፣ ግድግዳ አስደግፋችሁ ቁመቱን ለኩልኝ።

ምን ያደርግልሃል እንዳትዪኝ። ትኬቱ የሚቆረጠው በገንዘብ ነው፤ ጨዋታው ላይ የሚያወጣው ግን ቁመት ነው። ከዱባይ አለፍ ብሎ አቡ ዳቢ፣ ፌራሪ ወርልድ በሚባለው ፓርክ ውስጥ ፎርሙላ ሮሳ የሚባል ሮለር ኮስተር፣ ማለትም በሐዲድ ላይ የሚበር ጋሪ አለ። በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይበራል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ40 ያልሞላ ሰው አይሳፈርበትም። እንደ ማሙሽ ያለ የአራት ዓመት ልጅ ደግሞ በአማካይ 1 ሜትር ከ3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ አስቢው። ባልሽ ላይ ሆኖ ይጮሃል፣ አንቺ ታች ቆመሽ በስልክ ትቀርጪዋለሽ፣ ማሙሽ እግርሽ ሥር ያለቅሳል። ሽርሽሩ የማን እንደሆነ ባልሽን ጠይቂልኝ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እዚያው ዱባይ ሌጎላንድ የሚባል ፓርክ አለ፤ ከ2 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ታስቦ የተሠራ ነው። እሱ ለማሙሽ እንደሚሆን አልክድም። ግን ሂሳቡ ትኬቱ ላይ አያበቃም። ማሙሽ ሁለት ዓመት ስላለፈው አውሮፕላን ላይ እናንተ ጭን ላይ መሄድ ቀርቶበታል፤ የራሱ ወንበር ይገዛለታል። ቪዛ አለ፣ ሆቴል አለ፣ ከሆቴል ፓርክ መመላለሻ አለ፣ ፓርኩ ውስጥ ምሳ አለ። ፈቃድ የምታገኙት ክረምት ላይ ከሆነ ደግሞ የዱባይ ሐምሌ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። የድሬዳዋን ሙቀት ሸሽቶ ወደዚያ መሄድ ምን የሚሉት እረፍት ነው?

እኔ የምለው፣ ዱባይ ማሙሽ 1 ሜትር ከ20 እስኪያልፍ ትቆይ። ያኔ አብዛኛው ጨዋታ ላይ ይሳፈራል፤ ያየውንም ያስታውሳል። የዘንድሮውን እረፍት እዚህ አሳልፉት። ማደሪያችሁ አራት ኪሎ እኛ ቤት ነው። አዲስ አበባ የዱባይ ዓይነት ፓርክ የላትም፤ ሄደሽ ብትፈልጊም አታገኚም። ለአራት ዓመት ልጅ ግን ያለው ይበቃዋል።

በነገራችን ላይ፣ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ያለችው ድንቅነሽ ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ገደማ እንደነበር ይገመታል። ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረች፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ሴት ናት። ፎርሙላ ሮሳ ግን እሷንም አይቀበላትም። ማሙሽን አጠገቧ አቁመን ማን እንደሚረዝም እናያለን። ለዚህ አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሙዚየም ውስጥ ያን ልጅ የሚይዘው የለም።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ። ክረምት አትምጡ። ሐምሌና ነሐሴ እዚህ ዝናቡ አያስወጣም፤ ከፍላችሁ ገብታችሁ መጠለያ ሥር ትቆማላችሁ። ጥር ላይ የትምህርት ቤቱ የመንፈቅ ዓመት እረፍት ሲገጥም ኑ። ጥር 10 ከተራ፣ 11 ጥምቀት፣ 12 ሚካኤል ነው። በእነዚያ ቀናት ከአራት ኪሎ እስከ ጃን ሜዳ ሰው በሰው ነው፤ መንገድ ይዘጋል፣ ራይድ አይገኝም። ማሙሽ ታቦት ሲወጣ ቢያይ እኔ ደስ ይለኛል። እንደዚያ ከሆነ ግን እነዚያን ቀናት ለበዓሉ ተዉአቸውና ፓርኩ ከጥር 13 በኋላ ይሁን። ሹራብም ያዙ። እናንተ ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ነው የምትመጡት፣ እዚህ ከ2,300 በላይ ነው። የጥር ሌሊት ልጁን ያንዘፈዝፈዋል።

በባቡር ኑ። ለማሙሽ የመጀመሪያው ጨዋታ እሱ ነው፤ ከፓርክ ትኬት አትለዪው። መተሐራ ላይ የበሰቃን ሐይቅ በመስኮት ያያል። ግመል አሳዩት አልልም፤ ግመልማ እዚያው ድሬም አይቷል። ባቡሩ የሚነሳበትን ቀን ግን ከጣቢያው አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ፈቃዳችሁን ከመሙላታችሁ በፊት ማለቴ ነው። ለቡ ጣቢያ መጥቼ እቀበላችኋለሁ።

ከሁሉ በላይ የምለምንሽ ስለ እንቅልፉ ነው። ማሙሽ ከምሳ በኋላ ካልተኛ ምን እንደሚሆን አንቺ ታውቂዋለሽ። የተከፈለበት ጨዋታ ሁሉ ለቅሶ ይሆናል። ስለዚህ በቀን አንድ ቦታ ብቻ፣ እሱም ጠዋት። በሩ ሲከፈት ገብተን፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ወጥተን፣ ቤት ገብቶ በልቶ ይተኛል። ሆቴል ብታርፉ ይሄ አይሆንም፤ ለሁለት ሰዓት እንቅልፍ ብለሽ ከተማ አታቋርጪም። ከእኛ ቤት ግን ቤተ መንግሥቱም፣ ወዳጅነት ፓርክም፣ የሳይንስ ሙዚየሙም ሩቅ አይደሉም። ሦስቱም ከአራት ኪሎ ወደ ሸራተን በሚወስደው አካባቢ ናቸው።

መጀመሪያ አንድነት ፓርክ እንሂድ። በ2012 ለሕዝብ የተከፈተው፣ ድሮ በውጭ አጥር ብቻ የምናየው የምኒልክ ግቢ ማለት ነው። ግቢው 40 ሄክታር ነው፤ ቁልቁለትና ዳገት አለው። ማሙሽ ግማሹን መንገድ የሚሄደው አባቱ ትከሻ ላይ መሆኑን ባልሽ ከወዲሁ ይወቀው። መደበኛ ትኬት ይበቃናል፤ ቪአይፒ አትቁረጡ። ስለ ነገሥታቱ እልፍኝ ማብራሪያ ሲሰጥ ማሙሽ ቆሞ አያዳምጥም። ቀጥታ ወደ አንበሶቹ ነው። አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ድረስ የሚተኛ ፍጡር ነው። ረፋድ ላይ ከደረስን ጋማውን ዘርግቶ ጀርባውን ሰጥቶን ነው የምናገኘው፤ ጠዋት ግን ሲንጎራደድ የማየት ዕድል አለ። ከዚያ ግብር ይበላበት የነበረውን ትልቁን አዳራሽ አንድ ጊዜ አሳይተነው ወደ ልጆች መጫወቻው። በር ላይ ፍተሻ ስላለ ሻንጣ አታብዙ።

ትዝ ይልሻል ወይ፣ ልጅ ሆነሽ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ስወስድሽ? አንበሳው ፊት ለፊትሽ ተኝቶ አንቺ ስታዪ የነበረው የዘበኛውን ድመት ነበር። ልብሽ እዚያው ቀርቶ አልሄድም ብለሽ አስቸገርሽኝ። ማሙሽም ያው ልጅሽ ነው። የትኛው ነገር ላይ እንደሚቆም እኛ አንወስንለትም፤ ዥዋዥዌ ላይ አንድ ሰዓት ከቆየ ይቆይ።

ሁለተኛው ቀን ወዳጅነት ፓርክ። ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለው፣ ሜዳው ለሩጫ ይመቻል፣ ቁጥር ሁለት በሚባለው በኩል ደግሞ የልጆች መጫወቻ አለ። እዚህ ብዙ አልጽፍም፤ ስትመጡ ታዩታላችሁ። ቀኑ ከደመነ ወይም ማሙሽን ጉንፋን ከያዘው የሳይንስ ሙዚየሙን በምትኩ እናድርገው፤ ቤት ውስጥ ስለሆነ ብርድ አይነካውም።

እንጦጦን መጨረሻ ላይ አድርጉት። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከድሬዳዋ መጥቶ በማግስቱ እዚያ የሚወጣ ሰው ትንፋሹ ይቆረጣል፤ ልጅ ደግሞ ራስ ምታቱን በቃል አይነግርሽም፣ ይነጫነጫል እንጂ። ጥቂት ቀን ከለመደ በኋላ ይወጣል። ፈረስ ይጋልባል፣ ባሕር ዛፉ ሥር ይሮጣል። በገመድ የሚንሸራተቱበትን ጨዋታ ባልሽ ከፈለገ በራሱ ኪስ ይክፈል፤ በቤተሰቡ ሂሳብ አላስገባሁትም። ወደዚያ ስንወጣ ሽሮ ሜዳን እናልፋለን። ለሾፌሩ እንዳይቆም እነግረዋለሁ። አንቺና እናትሽ ሽሮ ሜዳ ቀሚስ ካያችሁ የፓርኩ በጀት እዚያው ያልቃል።

ገንዘብ የሚያልቀው መግቢያ ላይ እንዳይመስልሽ። ባሉን፣ አይስክሬም፣ ፎቶ፣ "አንድ ጊዜ ብቻ ልድገም" የሚባለው ጨዋታ፣ ውሃ። እነዚህ ናቸው ኪስ የሚያራቁቱት። ለማሙሽ በየቀኑ ጠዋት 200 ብር በትንሿ ቦርሳው እሰጠዋለሁ። ባሉን ይግዛበት፣ ጨዋታ ይድገምበት፣ ምርጫው የሱ ነው። ሲያልቅ አለቀ። እናትሽ በጓሮ በር እንዳትጨምርለት ግን አንቺ ንገሪያት፤ እኔን አትሰማኝም።

አንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ ያለ የልጆች መጫወቻ ቤት የእህትሽን ልጆች ይዤ ሄጄ ነበር። ጨዋታው በሳንቲም አይደለም፤ ካርድ ላይ ብር ታስሞያለሽ። ልጆቹ ሲደክማቸው ካርዱ ላይ ብር ተርፏል። ይመለስልኝ ስላት ገንዘብ ተቀባይዋ "አባባ፣ ሌላ ጊዜ ይጫወቱበታል" አለችኝ። እኔ ልጫወትበት ይሆን? ካርዱ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። እንደዚህ ዓይነት ቦታ ከገባችሁ በትንሽ በትንሹ አስሞሉ፤ ጥቅል ቅናሽ ነው ቢሏችሁም እሺ አትበሉ። ቅናሽ የሚሆነው ልጁ ከተጫወተው ብቻ ነው።

ቁርስ ቤት በልቶ ይወጣል። እናትሽ እንቁላል ትቀቅልለታለች፣ ዳቦና ብርቱካን በቦርሳ፣ ውሃ በኮዳ። ከውጭ ምግብ ማስገባት የማይፈቀድበት ቦታ ካለ በር ላይ ጠይቀን እዚያው ውጭ ይበላል። ትራንስፖርቱን አታስቢበት። ስንሄድ በሚኒባስ፤ ማሙሽ ጭን ላይ ስለሚቀመጥ አይከፈልበትም። ስንመለስ ደክሞት ስለሚያንቀላፋ በራይድ። አንድ ቀን ደግሞ ከሰዓት በኋላ፣ ሠራተኛው ሳይወጣ፣ ስታዲየም ወስጄ የከተማውን ባቡር አሳፍረዋለሁ። ከመሬት ከፍ ብሎ መስቀል አደባባይን ከላይ ሲያይ የሚለውን መስማት እፈልጋለሁ። ማታ ማታ ደግሞ አራት ኪሎና ፒያሳ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ እንወጣለን። መብራት አለ፣ መቀመጫ አለ፣ ልጆች የሚሯሯጡበት ቦታ አለ። እሱ በነጻ ነው።

ሰው በሚበዛበት ቦታ ደማቅ ቲሸርት አልብሺው፤ ብርቱካናማ ይሁን። የእኔንና ያንቺን ስልክ ቁጥር ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ እንጽፍለታለን። ልጅ የሚጠፋው እኮ ሁሉም ሰው "ካንቺ ጋር መስሎኝ" ሲል ነው። በየሰዓቱ ማን እንደሚይዘው በስም እንናገራለን፤ አንድ ሰዓት ያንቺ፣ አንድ ሰዓት የአባቱ፣ አንድ ሰዓት የኔ። ያልተረኛው ቡናውን ተረጋግቶ ይጠጣል።

ለማሙሽ አሁን ምንም አትንገሩት። የአራት ዓመት ልጅ "የዛሬ ወር" ሲባል ነገ ይመስለዋል፤ እስክትሳፈሩ ድረስ በየማለዳው እንባ ነው። ዋዜማው ላይ ሻንጣ ስታዘጋጁ ይስማ።

ባልሽ በዚህ ካልተስማማ ቅር አይለኝም። ይደውልልኝና ሁለቱንም ሂሳብ ጎን ለጎን መስመር በመስመር እንሥራው። ካሳመነኝ እኔው ራሴ ቦሌ ድረስ እሸኛችኋለሁ። ከተስማማችሁ ደግሞ የባቡሩን ቀን ላኪልኝ። እናትሽ ማሙሽ አሁንም ሽሮ ያለ በርበሬ ነው ወይ የሚበላው ብላ ጠይቅልኝ ብላኛለች፤ እሱንም መልሺልኝ።

አባትሽ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ