ሰፌዱ ላይ የጻፍካት «ቡ»

ልጄ፣ የኔ ጌታ፣

ፊደሉን አጉልቼ፣ መስመሩን አራርቄ የጻፍኩልህ ንባብ የምታስጠናህ ሚስ እንደዚያ ይቀለዋል ስላለችኝ ነው። ስለ ንባብህ ላወራህ ነው። ይቅርታም አለብኝ።

ኬጂ እያለህ የፊደል ገበታውን በዜማ ስታወርደው ጎረቤቱ ሁሉ ያደንቅህ ነበር። እኔም ልጄ ማንበብ ቻለ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። አንድ ቀን ግን ጣትህን አየሁት። አፍህ «ቶ» ሲል ጣትህ ገና «ቲ» ላይ ነበር። ለካ በቃልህ ነው የምትለው። ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

2ኛ ክፍል ስትገባ ባሰ። ትናንት ያነበብካት ቃል ዛሬ አዲስ ትሆንብሃለች። «ተ» እና «ቸ» ይምታቱብሃል። ቃለ ጽሕፈት ባለ ቁጥር ሆዴን አመመኝ ትላለህ። ዓይንህን አስመረመርኩ፤ ደህና ነው ተባልኩ። ጸበልም ወሰድኩህ። መምህርትህ «ሰነፍ ነው» ስትለኝ አመንኳት። አንድ ማታ ደብተሩን ከእጅህ ነጥቄ ስጮህብህ ጠረጴዛ ሥር ገብተህ ተቀመጥክ። ያቺን ማታ አልረሳትም። ይቅር በለኝ፣ አባቴ። ስንፍና አልነበረም።

ዲስሌክሲያ ይባላል። አእምሮ የቃሉን ድምፅ ከፊደሉ ጋር ሲያገናኝ የሚቸገርበት ነገር ነው እንጂ ከብልህነት ጋር አይገናኝም። ብዙ ጊዜ በዘር ይመጣል። አጎትህ ከ5ኛ ክፍል ለምን እንዳቋረጠ አሁን የገባኝ መሰለኝ። የሞተር ድምፅ ሰምቶ ብልሽቱን የሚያውቅ ሰው «ደደብ» እየተባለ አደገ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1896፣ እኛ አድዋ ላይ ባሸነፍንበት ዓመት፣ ፕሪንግል ሞርጋን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጽፎ ነበር። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ማንበብ ብቻ እምቢ አለው። አስተማሪው ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ከትምህርት ቤቱ እሱን የሚያህል አይገኝም ነበር ብሏል። ሳነበው አንተ ፊቴ ድቅን አልክ።

አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ከፒያሳ ታክሲ ይዘን አራት ኪሎ ሚስ ጋ እንሄዳለን። ጥግ ቁጭ ብዬ ነው የማያችሁ። ሚስ ገበታውን ወደ ጎን አላስነበበችህም፤ ወደ ታች ነው። ሉ፣ ሱ፣ ቡ፣ ቱ፦ ሁሉም ወገባቸው ላይ ትንሽ እጅ አላቸው። ሌ፣ ሴ፣ ቤ፣ ቴ እግራቸው ሥር ቀለበት አላቸው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ አስተውዬው አላውቅም! ሳድሱ ግን እንዲህ አይገዛም፤ ለብቻው ቀስ ብላችሁ ያዛችሁት። ሰፌድ ላይ የጤፍ ዱቄት ትበትንና ድምፁን እያልክ በጣትህ ትጽፋለህ። ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍና እጅ አብረው እንዲማሩ ነው። የመጀመሪያዋን «ቡ» ጽፈህ ቀና ስትል አፍንጫህ ላይ ዱቄት ነበር።

ከዚያ ቆርኪዎቹ መጡ። «ብርቱካን» ስትል አምስት ቆርኪ አንድ በአንድ ትገፋለህ። ብ፣ ር፣ ቱ፣ ካ፣ ን። ድሮ መሃሏን ትውጣት ነበር።

ባለፈው ሐሙስ «ገና ገና ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ገጥሞህ ቆምክ። አየህ፣ የትኛው ጠብቆ የትኛው ላልቶ እንደሚነበብ ፊደሉ አይነግርህም። ትልቅ ሰውም ከሐሳቡ ነው የሚያውቀው። ሦስቴ ሞክረህ «በዓሉ ገና አልደረሰም ማለት ነው?» አልክ። ሚስ ዝም ብላ አየችኝ። እኔም ዝም አልኩ፤ ብናገር ማልቀሴ ነው።

ሚስ ደብቃ አልነገረችኝም፤ ዲስሌክሲያ የሚጠፋ ነገር አይደለም። ስታድግም ዘገም ብለህ ታነብ ይሆናል። ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት እንዲሰጡህ አዲሷን መምህርትህን ጠይቄያለሁ፤ እሺ ብላለች። ማንም ካርድህን አይቶ «ስንተኛ ወጣህ?» ቢልህ ወደ እኔ ላከው።

ይህን ደብዳቤ በአንድ ቀን አትጨርሰው። ዛሬ እስከ ጠረጴዛው ድረስ ከደረስክ ይበቃል። የቀረውን ማታ እኔ አነብልሃለሁ፤ አንተ ቆርኪህን ያዝ።

እናትህ