በ45ኛው ቀን ክትባት የሕፃናት የመስማት ልየታ እንዲጀመር የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የአራዳና የልደታ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም እዚህ ተወልዳችሁ በሌላ ስፍራ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣

ከ1,000 ሕፃናት ከ1 እስከ 3 የሚሆኑት ከመስማት ችግር ጋር ይወለዳሉ፤ ያለጊዜያቸው የተወለዱ፣ ሲወለዱ የታፈኑ ወይም ከባድ የጨቅላ ቢጫ በሽታ የያዛቸው ደግሞ የበለጠ ይጋለጣሉ። የማይሰማ ጨቅላም እንደ እኩዮቹ ስለሚያለቅስና ስለሚስቅ ቤተሰቡ አይጠረጥርም፤ ሁለት ዓመት ሞልቶት አፉን ሳይፈታ ሲቀር እንኳ «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» እየተባለ ጊዜው ያልፋል። የሚመከረው ግን ልየታው (ችግር ሊኖርባቸው የሚችሉትን ሕፃናት የሚለየው የመጀመሪያ ፍተሻ) እስከ 1 ወር፣ የተሟላ ምርመራው እስከ 3 ወር እንዲጠናቀቅና ድጋፉ እስከ 6 ወር እንዲጀመር ነው፤ ቋንቋ፣ የንግግርም ሆነ የምልክት፣ መሠረቱ የሚጣለው ገና በጨቅላነት ነውና።

ልየታው ሕመም የለውም። ጠብቶ በተኛ ሕፃን ጆሮ ውስጥ ለስላሳ የላስቲክ ጫፍ ይገባል፤ መሣሪያው ስስ ድምፅ ሲልክ ጤናማ የውስጥ ጆሮ በምላሹ እጅግ ደካማ ድምፅ ያወጣል፣ መሣሪያውም ይህንኑ ይመዘግባል። ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ሕፃኑ በተወለደ ሰሞን በጆሮው የሚቀር ፈሳሽ ውጤቱን ሊያዛባ ስለሚችል፣ ብዙ እናቶችም ከወለዱ በኋላ ቶሎ ወደ ቤታቸው ስለሚመለሱ፣ ለእኛ የሚያመቸው በ45 ቀን ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡበት ዕለት ነው ብለን እናምናለን። ከ1 ወሩ ቢዘገይም እናትን ለተጨማሪ የትራንስፖርት ወጪ አይዳርግም፣ ለምርመራውም በቂ ጊዜ ይተዋል።

የምንለምነው ለመሣሪያው መግዣ ብቻ አይደለም። የላስቲክ ጫፉ ሲያልቅ ወይም መሣሪያው በየጊዜው ካልተፈተሸ ሣጥን ውስጥ ይቀራል፤ ሕፃናት በሚያለቅሱበት የክትባት ኮሪደር ላይም አይሠራም፣ በሩ በደንብ የሚዘጋ፣ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ያለው ትንሽ ክፍል ያስፈልገዋል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ልየታውን ያላለፈው ሕፃን ነው። አለማለፉ አይሰማም ማለት ስላልሆነ ተመልሶ መታየት አለበት፤ ስለዚህ ለእናቲቱ የሚደውልላትና እስከ ስፔሻሊስት ሐኪም የሚያደርሳት ሰው፣ የመጓጓዣዋም ወጪ በበጀቱ ተካተዋል። ይህ ከጎደለ ጥርጣሬን ብቻ አሸክመን እንሰዳታለን።

መዋጮአችሁን በየእድራችሁ ገንዘብ ያዥ በኩል በደረሰኝ እንድትሰጡን በአክብሮት እንጠይቃለን። ምንጣፍ፣ መጋረጃ ወይም የአናጢ ሙያ ያላችሁ በዓይነት ብትረዱን፣ ጡረታ የወጣችሁ ነርሶችም በክትባት ቀን ጥቂት ሰዓታት ብትሰጡን በደስታ እንቀበላለን።